ከነተሳፋሪው የሚለካ መኪና

አክስቴ በየማለዳው ከቤቷ ወደ ጋራዡ ስትሄድ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ባገኘች ቁጥር ጎንበስ ትልና የፊት ጎማውን በመዳፏ ትዳብሰዋለች። አንድ ጊዜ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ። ከዚያ መዳፏን በጋውኗ ጠርጋ መንገዷን ትቀጥላለች። የማያውቃት ሰው ጎማ የምትባርክ ሊመስለው ይችላል። አንድ ባለመኪና በሩ ላይ ቆሞ አይቷት፣ "እናቴ፣ ምን ጠፍቶዎት ነው?" ቢላት፣ "የጠፋውስ ያንተ ነው፤ የቀኙ ጎማህ በውስጥ በኩል አልቋል" ብላው አለፈች። በሳምንቱ ጋራዡ በር ላይ ተሰልፎ አገኘችው።

ሥራዋ አላይመንት ነው። የመኪና ጎማዎች ተያይተው፣ ከመኪናውም አካል ጋር ተስማምተው ቀጥ ብለው እንዲሄዱ ታስተካክላለች። ጋራዡ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም "ቱምቢ" ነው የሚላት፤ ግንበኞች የግድግዳን ቀጥ ማለት የሚያዩባትን፣ ጫፏ ላይ ብረት የተንጠለጠለባትን ክር ማለታቸው ነው። ስሙን ያወጣላት መኪና ሥር ገብታ ከምትሠራበት ጉድጓድ አጠገብ ጎማ የሚፈታውና የሚለጥፈው ጎሚስታ ነው። የሰውዬው ዋና ሥራ ጎማ ይሁን ሰው መተረብ እስካሁን በውል አይታወቅም።

ጉድጓዷ እስከ ደረቷ ትደርሳለች። ጠርዟ በብረት የተለበጠ ነው፤ ግድግዳዋ ላይ የሚንቀሳቀስ አምፖል፣ ቁልፎች የሚሰኩበት ሳንቃና የመጀመሪያዎቹ መስመሮች በእጅ ብዛት የደበዘዙ የብረት ማስመሪያ አለ። መኪናው ጉድጓዷን አንፈራጦ ይቆማል። አክስቴ በመኪናው ግራና ቀኝ አራት የብረት ቋሚዎች አቁማ በጎማዎቹ መሐል ከፍታ ላይ ሁለት ክሮች ትወጥራለች። ከዚያ ከክሩ ጎማው እስከሚለብሰው ብረት፣ እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝ፣ ከክሩ እስከ ቸርኬው የኋላ ጠርዝ ትለካለች። ሁለቱ ቁጥሮች ሲለያዩ ጎማው ወዴት እንደዞረ ታውቃለች። ክሩ ልብስ ሰፊው ባለቤቷ ሰም ቀብቶ የሚሰጣት የካፖርት ክር ነው።

እኔ የወንድሟ ልጅ ነኝ። ነገሩ እንዲገባኝ የጠየቅኳት ቀን ጉድጓዷ ጠርዝ ላይ አስቀምጣኝ አንዲት ክብ ላጲስ አወጣች።

"ይቺን ወረቀት ላይ ቀጥ አድርጊና አንከባልያት" አለችኝ። አንከባለልኳት። "ላጲሷ ምን ሆነች?"

"ምንም።"

"አሁን ትንሽ አጣሚና ወደ ፊት ግፊያት።"

ላጲሷ እየተንከባለለች ወረቀቱን ፋቀችው፤ ጥቁር ፍርፋሪዋም ቀረ።

"ይኸው ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ የዞረ ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ አምስት ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታል። መኪናው ወደ ፊት ሂድ ይለዋል፣ እሱ ወደ ጎን ያያል። ሁለት ጌታ ያለው ሎሌ በለው፤ ቶሎ ያልቃል።"

ከዚያ እጄን ይዛ አንድ ያለቀ ጎማ ላይ አሳረፈችው። በአንድ በኩል ስዳብሰው ለሰለሰኝ፤ ስመልሰው ጣቶቼን ያዘኝ። እንደ ድመት ፀጉር ነው አለችኝ። ሾል ያለው ጫፍ ወደ ውጭ ካየ ጎማዎቹ ከፊታቸው ተከፍተው ሄደዋል፤ ወደ ውስጥ ካየ ተቀራርበው ሄደዋል። ዓይን የሚያየው ጎማው ካለቀ በኋላ ነው፤ መዳፍ ግን ገና ሲጀምረው ያውቃል።

ይህን ሁሉ ያስተማሯት የዛሬው ባለጋራዥ አባት ናቸው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ሴት ጉድጓድ ውስጥ ምን ትሠራለች ሲባል፣ "ክር ያስቸገራት ሴት አይቼ አላውቅም" ብለው ያስገቧት እሳቸው ናቸው። አንድ ሕግም ተውላት፦ ባዶ መኪና አይዋሽም። አክስቴም ይህን ሕግ እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀው ነበር። ጉድጓዷ ላይ የሚወጣ መኪና መለዋወጫ ጎማው ይወርዳል፣ የዕቃ ሣጥኑ ይወርዳል፣ ወንበር ሥር የተረሳ የውሃ ጠርሙስ ሳይቀር ይወርዳል። ሾፌር ጃኬቱን ረስቶ እንደሆነ እሷው ታመጣለታለች። ጎሚስታው፣ "ትንሽ ከቆየሽ ቀለሙንም ታስፍቂዋለሽ" ይላት ነበር።

ችግሩ የመጣው ከሚኒባሶቹ ጋር ነው። የአንድ ማኅበር አሥራ ሁለት ሚኒባሶች፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ የተገዙ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ለአላይመንት ወደ አክስቴ ይመጣሉ። ሁሉንም አስተካክላ ትለቃቸዋለች፤ ከሁለት ወር በኋላ የፊት ጎማቸው በውስጥ በኩል ሽቦው እስኪታይ አልቆ ይመለሳል። አንድ ቀን የማኅበሩ ሊቀመንበር ራሳቸው ያለቀ ጎማ እያንከባለሉ ግቢውን አቋርጠው መጡና ጉድጓዷ ጠርዝ ላይ አስደገፉት።

"ሴትዮ፣ ይሄ ጎማ ስልሳ ቀን አልሞላውም" አሉ።

አክስቴ ከጉድጓዷ ሳትወጣ ዳበሰችው። "ተከፍቶ ሲሄድ ኖሯል" አለች።

"ማን ከፈተው? እኔ?"

"እኔ ስለቀው ቀጥ ያለ ነበር።"

"አንቺ ጋ ቀጥ ይላል፣ እኔ ጋ ይጣመማል። እንግዲህ መኪናው ይፈራሻል ማለት ነው።"

ባለጋራዡ ነገሩን ለማብረድ ከሚኒባሶቹ አንዱን፣ እሷ አስተካክላ በለቀቀችው ማግስት፣ ባለስክሪን መሣሪያ ወዳለው ሌላ ጋራዥ ላከው። የመጣው ወረቀት ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነበር፤ ሁሉም ልክ ነው ማለቱ ነው። ጎሚስታው ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፈና፣ "እንኳን ደስ አለሽ፣ መሣሪያው አንቺን ይመስላል" አላት። አክስቴ ግን ምሳዋን ሳትነካ ዋለች። "ተሳስቼ ቢሆን አርም ነበር" አለችኝ። "ልክ ሆኜ ጎማው ካለቀ ምኑን ላርም?"

ሊቀመንበሩም ወረቀቱን አላነበቡትም። "ወረቀት ጎማ አይሆነኝም። አንድ ወር እሰጣችኋለሁ። አንድ ሚኒባስ በአዲስ ጎማ አስገባለሁ፤ በወሩ ባንድ በኩል ካለቀ አሥራ ሁለቱንም ይዤ እሄዳለሁ" ብለው ወጡ።

ያን ዕለት ባለጋራዡ አክስቴን ቢሮው ጠራት። ልጅ ሳለ ጎማ ውስጥ አስቀምጣ ግቢውን ታዞረው ስለነበር ፊቷን እያየ መናገር አይሆንለትም፤ መስኮቱን እያየ ተናገረ።

"እትዬ፣ እነሱ ከሄዱ የጉድጓዷ ሥራ በግማሽ ይቀንሳል። በኮንክሪት ሞልቼ መኪና ማጠቢያ አደርጋታለሁ። አንቺን አላባርርም። በሩ ጋ ተቀምጠሽ የደንበኛ ቁልፍ ትይዣለሽ።"

"ብታባርረኝ አይሻልህም?" አለችው።

"እንዴት እንዲህ ትያለሽ?"

"የተባረረ ሰው ቢያንስ ማጠቢያውን አያይም።"

በሚቀጥለው እሁድ እቤቷ ነበርኩ። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው ክፍል የባለቤቷ የስፌት ቤት ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ ረጅሙ መስታወት ከበሩ ጀርባ፣ የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ በየምስማሩ ላይ። አክስቴ በሁለቱ ክፍሎች መሐል ባለው በር ላይ ተቀምጣ ካሮት ትልጣለች፤ ማለቴ ቢላዋው ይንቀሳቀሳል እንጂ ሐሳቧ እዚያ አልነበረም። አንድ አስተማሪ ከወር በፊት ያሰፋውን ሱሪ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ሱሪው ከኋላው ተተርትሯል።

"ስትለካኝ ልክ ነበር" አለ አስተማሪው፣ ቅር ብሎት። "እዚሁ መስታወት ፊት ቆሜ አይቼዋለሁ።"

"ቆመው ነው ያዩት" አለ ባለቤቷ ስፌቱን እያገላበጠ። "ለመሆኑ ውሎዎ ምንድን ነው?"

"ሰሞኑን ፈተና ማረም ነው።"

"ቆመው ያርማሉ?"

"ኧረ ተቀምጬ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ።"

"እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው። ሱሪ የሚለካው ሰው ቆሞ ነው፣ የሚቀደደው ሲቀመጥ ነው። ሳላስቀምጥዎ ለቀቅኩዎ። እስቲ ይቀመጡ።"

አስተማሪው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ባለቤቷም ሜትሩን ይዞ ተንበረከከ። ቢላዋው ሳህኑ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። አክስቴ ተነስታ እጇን ታጠበች፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የሥራ ጫማዋን አደረገች።

"ወዴት ነው?" አላት ባለቤቷ።

"ሚኒባስ ላይ።"

"ወዴት በሚሄድ?"

"በሚሄድ አይደለም፣ በሚመጣ ነው።"

ባለቤቷ ወደ እኔ ዞረና፣ "ተከተያት፤ ይቺ ሴት ካሮቱን ትታ ከሄደች ነገር አለ" አለኝ።

የሚኒባስ ማቆሚያው ሩቅ አልነበረም። አክስቴ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብላ አገጯን ጉልበቷ ላይ አሳረፈችና ከፊት ለፊት የሚመጡትን ሚኒባሶች ጎማ ታይ ጀመር። መጀመሪያ ባዶውን የመጣ አንድ አየን፤ ጎማዎቹ እንደ ወታደር እግር ቀጥ ያሉ ናቸው። ቀጥሎ ሞልቶ ወንበሩ የተጨናነቀ መጣ። ሆዱ ወደ መሬት ወርዷል። የፊት ጎማዎቹን ሳያቸው እኔ እንኳን ለየሁት፤ እንደ ዳክዬ እግር ወደ ውጭ ተከፍተዋል። ሦስተኛውም ሞልቶ መጣ፤ እንደዚያው። አራተኛውም።

ሰልፍ ላይ የነበረች አንዲት ሴት ደንግጣ የአክስቴን ክንድ ያዘች። "አይዞሽ እናቴ፣ አዞረሽ እንዴ?"

"እኔን አይደለም፣ ጎማውን ነው" አለቻት አክስቴ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። ሴትየዋ ክንዷን ቀስ ብላ ለቀቀች።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ "ባዶ መኪና አይዋሽም" አለች። "ግን ውሎውን አይነግርሽም። እኔ ደግሞ ውሎውን ጠይቄው አላውቅም።"

ሰኞ ጠዋት ባለጋራዡንና ሊቀመንበሩን ጉድጓዷ ጠርዝ ላይ አቆመቻቸው። ለማስረዳት ሁለት እጆቿን ወደ ጎን ዘረጋች፤ አንዱን ሙሉውን፣ አንዱን ከክርኑ አጥፋ። "የነዚህ ሚኒባሶች የፊት ጎማ እያንዳንዱ በየራሱ ክንድ ነው የተያዘው። ሰው ሲሞላ የመኪናው አካል ይወርዳል። ጎማውን የያዘው ክንድና መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ እኩል አይረዝሙም፤ ስለዚህ አካሉ ሲወርድ ዘንጉ ጎማውን ያዞረዋል። ባዶውን ቀጥ አድርጌ እለቀዋለሁ፤ ሰው ሲጫንበት ይከፈታል። የሚውለው ደግሞ ሞልቶ ነው።"

ሊቀመንበሩ አንገታቸውን ቀለሱ። "ሃያ ስድስት ዓመት ባዶ መኪና ስትለኪ ኖረሻል ማለት ነው?"

"አዎ።"

"ተሳስተሻል ማለት ነው?"

ጎሚስታው መዶሻውን አስቀመጠ። አክስቴ ጋውኗን ስታስተካክል አየኋት። "አንድ ሁለት ሰው ይዞ ለሚውል የቤት መኪና አልተሳሳትኩም" አለች። "ለናንተ መኪኖች ግን ተሳስቻለሁ። መሣሪያውም አብሮኝ ተሳስቷል፤ እሱንም ባዶ መኪና ነው ያሳዩት። አሁን አሥራ ሁለት ሰው ስጡኝ።"

"ምን ልታደርጊባቸው?"

"ላስቀምጣቸው።"

መጀመሪያ ሚኒባሱን በአዲስ ጎማው ባዶውን ለካችው፤ ቀጥ ያለ ነበር፤ ቁጥሩን በጠመኔ ወለሉ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ሰው መጫን ተጀመረ። ሾፌሩ መሪው ጋ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ ከጎኑ። ባለጋራዡ፣ ጸሐፊዋ፣ ሁለት ቀለም ቀቢዎች፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ዘበኛው፣ ሁለት መኪናቸውን ሊያሠሩ የመጡ ደንበኞች፣ እኔ ሦስተኛው ረድፍ መስኮቱ ጋ። ጎሚስታው በመጨረሻ ገባና በሩን ዘጋ።

"ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወራጅ አለ?" አለ።

"ወራጅ የለም" የሚል የአክስቴ ድምፅ ከሥራችን መጣ። "የሚስቅ ካለ ግን ይውረድ፤ መኪናው ይነቃነቃል።"

"መተንፈስስ?"

"አንተ ባትተነፍስ ደስ ይለኛል።"

መኪና አጣቢዎቹ እንደተቀመጥን ጥቂት ወደ ፊት ገፉን፣ ወደ ኋላም መለሱን፤ ጎማ ሰው የተጫነበትን ቦታ አግኝቶ የሚረጋው ሲንከባለል ብቻ ነውና። ክሮቹ እንደገና ተወጠሩ። ማስመሪያው ብረት ሲነካ፣ ጠመኔው ወለሉን ሲጭር ይሰማል።

"ስምንት" አለች አክስቴ።

"ስምንት ምን?" አሉ ሊቀመንበሩ ከፊት ወንበር።

"ሁለቱ ጎማዎች ባንድ ላይ ስምንት ሚሊ ሜትር ተከፍተዋል።"

"መኪናው ያው ነው እኮ።"

"መኪናው ያው ነው። እርስዎ ተቀምጠውበት ነው።"

ሳቅ ስለተከለከለ ሁሉም በአፍንጫው ሳቀ፤ መኪናውም ተነቃነቀ፤ እንደገና ለካች። አሁንም ስምንት። "እያንዳንዱ ጎማ በየኪሎ ሜትሩ ስድስት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ጎን ሲጎተት ነበር" አለች ከሥር። "ሾፌር፣ በቀን ስንት ትሠራለህ?"

"መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር አካባቢ።"

"እንግዲያው ጎማህ በየቀኑ አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ ወደ ጎን ይሄዳል። ባዶህን የምትሄደው መቼ ነው?"

"ማታ ማደሪያው ስገባ ብቻ ነው፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ሞልቶ ለሚውልበት ነው የማስተካክለው።"

የዘንጎቹን ማሰሪያ ዳዶ ፈታች። ግራውንም ቀኙንም እኩል አዞረች፤ አንዱን ብቻ ያዞረ ሰው መሪውን አጣሞ ይለቃል። ተገፋን፣ ተመለስን፣ ተለካን። ሦስት ጊዜ። ዘበኛው እንቅልፍ ወስዶት ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ ነበር፤ አክስቴም ከሥር፣ "በግራ በኩል የከበደ ሰው አለ" ብላ ቀሰቀሰችው። በመጨረሻ ከጉድጓዷ ብቅ ስትል ግንባሯ ላይ ጥቁር ቅባት ተሰምሯል።

"ውረዱ" አለች። "አሁን ቀጥ ያለው እናንተ ላይ ነው።"

ያ ወር ረጅም ነበር። መንገድ ላይ ያገኘችውን ጎማ ሁሉ የምትዳብሰው ሴት ያንን ሚኒባስ ስታይ ወደ ሌላው ዳር ትሻገር ነበር። ባለቤቷ፣ "አንድ ጊዜ ብትነኪው ምናለ?" ሲላት፣ "ድስት በየደቂቃው ከከፈቱት አይበስልም" ትለዋለች። በየመሐሉ አንድ ሰው እየመጣ ጉድጓዷን በሜትር ይለካ ነበር፤ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደምትበላ ለማወቅ። አክስቴ እዚያው ውስጥ ሆና ሥራዋን ትሠራለች፤ ሰውዬው ሜትሩን ሲዘረጋ ደግሞ ጫፉን ትይዝለታለች።

በሠላሳኛው ቀን ሚኒባሱ መጣ። ሊቀመንበሩ ቀድመው ደርሰው ነበር። ጎሚስታው ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ፈትቶ ወለሉ ላይ አጋደማቸው። ባለጋራዡ ማስመሪያውን ለመያዝ እጁን ዘረጋ፤ አክስቴ ግን ለሊቀመንበሩ ሰጠቻቸው። "እርስዎ ይለኩ። እኔ ብለካ እጄ ያዳላል።"

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አጥልቀው ተንበረከኩ። የጎማውን ጥርስ ጥልቀት በውስጥ በኩል ለኩ። ሰባት። መሐሉን ለኩ። ሰባት። ውጩን ለኩ። ሰባት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ ማስመሪያውን መሬት ላይ አስቀመጡና፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ጎማውን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ዳበሱት። አልያዛቸውም። ደገሙት።

ሚኒባሱ በር ላይ ተደግፎ የቆመው ሾፌር ማጨብጨብ ጀመረ። ቀለም ቀቢዎቹ ተከተሉ፤ ጸሐፊዋ ከቢሮው መስኮት ብቅ አለች፤ መኪና አጣቢዎቹ ባልዲያቸውን እንደ ከበሮ መቱት። ጎሚስታው አንገቱን አቀርቅሮ ጎማዎቹን መልሶ ሊያስር ሲያነሳ፣ "ቱምቢ፣ ይሄ ጎማ በዚህ ዓይነት ካላለቀ እኔን ሥራ ልታስፈቺኝ ነው" አላት። ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ሙገሳ ነው።

ዛሬ ጉድጓዷ ሁለት ሜትር ተጨምሮላታል። ሲሚንቶው አልቀረም፤ ለማራዘሚያው ዋለ። ባለቤቷ ከወፍራም ሸራ አሥራ ሁለት ከረጢቶች ሰፍቶላት አሸዋ ተሞልተዋል፤ ሚኒባስ በመጣ ቁጥር ከረጢቶቹ እንደ ተሳፋሪ በየወንበሩ ይቀመጣሉ። ከሁሉ የሚከብደው ፊት ወንበር የሚቀመጠው ነው፤ ስሙም "ሊቀመንበር" ነው። ግድግዳው ላይ ቀለም ቀቢዎቹ በትልቁ "ከነተሳፋሪው እንለካለን" ብለው ጻፉ። ባለስክሪን መሣሪያው ያለበት ጋራዥ ባለሙያ እንኳ አንድ ቀን መጥቶ ጉድጓዷ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ዋለ፤ ሲሄድም ባለቤቷ ምን ያህል ከረጢት በቀን መስፋት እንደሚችል ጠየቀ። አክስቴ አሁን እያንዳንዱን ደንበኛ፣ ቁልፉን ከመቀበሏ በፊት፣ "ውሎህ ምንድን ነው?" ትለዋለች።

ይህን እንደምጽፍ ስነግራት ሁሉንም ፈቀደችልኝ፤ ስህተቷን ሳይቀር። አንድ ነገር ብቻ ተይልኝ፣ ሰው ክፉ ናት ይለኛል አለችኝ። ጎማው በተለካ ዕለት፣ ጭብጨባው ሲበርድ፣ ሊቀመንበሩ ጠጋ አሉና በዝቅተኛ ድምፅ፣ "እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሳላጣራ ነው የተናገርኩሽ" አሏት። መዶሻው አርፏል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ግቢው ጸጥ ብሏል። አክስቴ ደግሞ መንገድ ላይ በሚያልፍ መኪና ውስጥ የላላ ዳዶ ድምፅ ቤቷ ሆና የምትለይ ሴት ናት። እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ "ምን አሉ?" አለች። ደገሙት። "ጋራዥ አይደል፣ ጫጫታ ነው" አለች። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዘበኛው ከበሩ ጋ ሆኖ እስኪዞር ድረስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለሦስተኛ ጊዜ ተናገሩት። አክስቴ ፈገግ አለችና መዳፏን በጋውኗ ጠርጋ ዘረጋችላቸው።

"አሁን ሰማሁ" አለች።